ሁለት ቋንቋ ለመድረክ

ከሁለት ወገን የተወለደ ልጅ አንዳንዴ «ይሄ የማን ነው?» እየተባለ ይሳቀቃል። በአባቱም ዘመዶች ቤት፣ በእናቱም ዘመዶች ቤት እንግዳ የሆነ ይመስለዋል። እስቲ ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት እንመልከተው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ በሚባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ኦሮምኛንና አማርኛን ከቤት አገኘ፤ ግዕዝን ከቤተ ክርስቲያን ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ ቴአትር ጻፈ። ኋላም በአዲስ አበባ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መራ። የእንግሊዙን የሼክስፒርን «ኦቴሎ»ና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መለሰ። በእንግሊዝኛ የጻፈውን አንድ ተውኔት ደግሞ፣ ኦሮሞ ከሥሩ ተሰብስቦ በሚመክርበት በኦዳ ዛፍ ስም ሰየመው። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዐረፈ።

ለመሆኑ ሁለት ቋንቋ ለመድረክ ምን ይጠቅማል? ተዋናይ ማለት ሌላ ሰው ሆኖ የሚናገር ነው። ዛሬ ንጉሥ፣ ነገ ገበሬ ይሆናል። ስለዚህ የሌላውን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ሐዘንና ሳቅ ማወቅ አለበት። ተውኔት ጻፊውም እንደዚሁ ነው። በሁለት ባህል ያደገ ልጅ ይህን በልጅነቱ ይለምደዋል። በአንዱ አያቱ ቤት በአንድ ወግ፣ በሌላው አያቱ ቤት በሌላ ወግ ሰላምታ ይሰጣልና።

እንግዲህ ልጆቻችን ሁለት ቋንቋ ሲናገሩ አንሳቅባቸው፤ አንዱን ተዉት አንበላቸው። የእናቱን ቋንቋ ተው የተባለ ልጅ አያቱን የሚያናግርበት አፍ ያጣል። ሁለቱንም የያዘ ግን ሁለቱንም ወገን ያስማማል፤ ዕድል ከቀናውም በመድረክ ላይ ለሁላችን ይናገራል።