የቅድመ ጦርነት ማርቲን ዲ-45 ጊታር

የቅድመ ጦርነት ማርቲን ዲ-45 በአሜሪካ፣ በፔንስልቬኒያ ክፍላገር፣ ናዝሬት በምትባል ከተማ በሚገኘው በሲ. ኤፍ. ማርቲን ኩባንያ ከ1933 እስከ 1942 የተሠራ ባለ ብረት ክር አኮስቲክ ጊታር ነው። በእነዚህ ዓመታት የተሠሩት 91 ብቻ ናቸው። «ቅድመ ጦርነት» የተባለው ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ተቋረጠ ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አኮስቲክ ጊታሮች አንዱ ሲሆን የአንዱ ዋጋ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ነው። ይህ መጣጥፍ ጊታሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ብርቅ እንደሆነና ሊገዛው የሚፈልግ ሰው ምን ማጣራት እንዳለበት ይገልጻል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የኩባንያው መሥራች ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ፣ ማርክኖይኪርሽን በተባለች ከተማ ተወለደ። በዚያ ከተማ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር «ጊታር መሥራት የእኛ መብት ነው» በማለት ከአናጢዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ይከራከር ነበር፤ የማርቲን ቤተሰብ ደግሞ ከአናጢዎቹ ወገን ነበር። ማርቲን በ1833 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደና ሱቅ ከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ናዝሬት ተዛወረ። ኩባንያው እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ከተማ ይሠራል።

በስሙ ላይ ያለው «ዲ» የሚለው ፊደል «ድሬድኖት» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ድሬድኖት በ1906 ወደ ባሕር የገባ ትልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስም ሲሆን፣ ለዚህ ሰፊ የጊታር ቅርጽ መጠሪያ ሆነ። ማርቲን ይህን ቅርጽ መጀመሪያ በ1916 የሠራው ኦሊቨር ዲትሰን ለሚባል የቦስተን የሙዚቃ መደብር ነበር፤ በራሱ ስም መሸጥ የጀመረው በ1931 ነው። ቁጥሩ ደግሞ የጌጡን ደረጃ ያሳያል። ዲ-18 ቀለል ያለ ነው፣ ዲ-28 መካከለኛ ነው፣ ዲ-45 ከሁሉም ያጌጠው ነው።

የመጀመሪያውን ዲ-45 በ1933 ያዘዘው ጂን ኦትሪ የተባለ የ«ካውቦይ» ዘፋኝና የፊልም ተዋናይ ነበር። በጊታሩ አንገት ላይም ስሙ በዛጎል ተጽፎለታል። ይህ ጊታር ዛሬ በሎስ አንጀለስ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት ስለሆነ ይህን ያህል ውድ ጊታር የሚያዝ ሰው ጥቂት ነበር። የቁጥሩ ማነስ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አሠራር

የጊታሩ የፊት ጣውላ ከአሜሪካ ቀይ ስፕሩስ የተሠራ ነው። ስፕሩስ ቀላል ሆኖ ጠንካራ የሆነ የብርድ አገር ዛፍ ነው። ጀርባውና ጎኑ ከብራዚል ሮዝውድ፣ የጣት ሰሌዳው ደግሞ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ነው። ዙሪያውን ያጌጠው የሚያብረቀርቅ መስመር አባሎኒ ከተባለ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል በትናንሽ ቁራጭ ተቆርጦ በእጅ የተከተተ ነው።

ስድስቱ ክሮች በአንድነት ጣውላውን ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል። ጣውላው ግን ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሳሳ ደግሞ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን ለማስታረቅ በጣውላው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ «X» የተሰቀሉ ሁለት የድጋፍ ዘንጎችና ሌሎች ትናንሽ ዘንጎች ይለጠፋሉ። በቅድመ ጦርነት ጊታሮች ላይ ዘንጎቹ በቢላ ተፍቀው መካከላቸው እንዲሳሳ ይደረግ ነበር፤ ይህም ጣውላው በቀላሉ እንዲርገበገብ ይረዳዋል። ማርቲን በ1944 መጨረሻ ይህን አሠራር ተወው፤ ምክንያቱም ሰዎች ወፋፍራም ክር እየገጠሙ ጣውላውን ያጎብጡት ነበር።

ድምፅና ዋጋ

ብዙ ተጫዋቾች የብራዚል ሮዝውድ ከሌላ እንጨት የተሻለ ድምፅ አለው ብለው ያምናሉ። ይህን የፈተነ ጥናት በ2018 ታትሟል። በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በጀርባቸውና በጎናቸው እንጨት ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮች አሠርተው፣ 52 ተጫዋቾች እንጨቱን ሳያዩ እንዲጫወቱባቸው አደረጉ። ከስድስቱ አንዱ የብራዚል ሮዝውድ ነበር። ተጫዋቾቹ ለጊታሮቹ የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ፤ ውዱ እንጨት ከርካሹ በልጦ አልተገኘም።

ይህ ማለት ዲ-45 መጥፎ ጊታር ነው ማለት አይደለም። የፊቱ ጣውላና የዘንጎቹ አሠራር ድምፅን በእጅጉ ይወስናሉ፤ በዚህ በኩል የቅድመ ጦርነት ሥራ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ዶላር የሚከፈለው ለድምፅ ብቻ አይደለም። የሚከፈለው ለቁጥሩ ማነስ፣ ለእጅ ሥራውና ለተረጋገጠ ታሪኩ ነው። ለዚህ ሌላ ምሳሌ የኒርቫና ዘፋኝ የነበረው ከርት ኮቤይን በ1993 በቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የተጫወተበት የ1959 ማርቲን ዲ-18ኢ ነው። በ2020 በጨረታ 6.01 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያንኑ ዓይነት ሌላ ጊታር፣ ኮቤይን ያልነካው ቢሆን፣ ወደዚህ ዋጋ አይጠጋም ነበር። ስለዚህ የገዢው ዋና ሥራ ድምፁን ከመስማት ባሻገር ማስረጃውን መመርመር ነው።

ከግዢ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

መለያ ቁጥር። ማርቲን ከ1898 ጀምሮ ለጊታሮቹ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ሲታይ፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት የውስጥ እንጨት ላይ ተቀርጿል። ከ1930 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ የሞዴሉ ስም አለ። ኩባንያው በየዓመቱ የተሠሩትን ቁጥሮች የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስላሳተመ፣ ቁጥሩና ዓመቱ መስማማታቸውን ማንም ሰው ማየት ይችላል።

የተለወጠ ጊታር። አንዳንድ ዲ-28 ጊታሮች ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ ዛጎል ተከቶባቸው ዲ-45 እንዲመስሉ ተደርገዋል። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አልነበረም፤ ደንበኛው ራሱ አዝዞ ያሠራው ብዙ ነው። እንዲያውም በዚህ ሥራ የታወቀውን ማይክ ሎንግዎርዝን ማርቲን በ1968 ቀጥሮ ዲ-45ን እንደገና መሥራት ጀምሯል። ችግሩ የሚመጣው የተለወጠው ጊታር እንደ ኦርጅናል ሲሸጥ ነው። በውስጥ ያለው የሞዴል ስም «28» ካለ፣ ውጪው የቱንም ያህል ቢያምር ጊታሩ ዲ-28 ነው።

ቀለሙ። የመጀመሪያው ላከር ተፍቆ እንደገና የተቀባ ጊታር ዋጋው በገበያው ልማድ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አሮጌውና አዲሱ ላከር የተለያየ መልክ ስለሚኖራቸው ጠጋኞች በዚህ ይለዩታል።

ጥገና። ጣውላው ላይ ያሉ ስንጥቆች፣ የተለወጡ የውስጥ ዘንጎችና የተተኩ የክር መቆለፊያዎች በትንሽ መስተዋትና በመብራት ይፈተሻሉ። ከአሥርታት የክር ስበት በኋላ አንገቱ ወደ ፊት ማዘንበሉ የተለመደ ነው። አንገቱ ከእንስሳት ቆዳ በተሠራ ሙጫ ስለተያያዘ፣ ባለሙያ በእንፋሎት አላቆ እንደገና በትክክለኛው ማዕዘን ሊገጥመው ይችላል። በሚገባ የተሠራ እንዲህ ያለ ጥገና እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

የባለቤትነት ማስረጃ። የድሮ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ከጊታሩ ጋር የተሸጠው ሳጥን ሁሉ ዋጋ አላቸው። ከሻጩ ጋር ጥቅም የማይጋራ ገማች ጊታሩን እንዲያይ ማድረግም የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ሕጉ

የብራዚል ሮዝውድ የሚበቅለው በብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደን ውስጥ ነው። ደኑ ስለተመነጠረ ዛፉ ለመጥፋት ተቃርቧል። ማርቲንም በ1969 ገደማ ለመደበኛ ጊታሮቹ ወደ ሕንድ ሮዝውድ ዞሯል። በ1992 ዛፉ ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪ 1 ውስጥ ገባ፤ ይህ ከሁሉ የጠበቀው ደረጃ ነው። ሳይትስ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን ይቆጣጠራል።

በ2019 አገሮች ተስማምተው ከሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች የተሠሩ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ እንዲሻገሩ ቢፈቅዱም፣ የብራዚል ሮዝውድ በዚህ አልተካተተም። ስለዚህ ዲ-45ን ከአገር ወደ አገር ለመሸጥ፣ እንጨቱ ከ1992 በፊት የተገኘ መሆኑን የሚያረጋግጥ የመንግሥት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ለመጫወት ብቻ ይዞት የሚጓዝ ሙዚቀኛ ደግሞ ለ3 ዓመት የሚያገለግል የሙዚቃ መሣሪያ ምስክር ወረቀት ማውጣት ይችላል። በዘመኑ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ስለነበር፣ እሱም ለብቻው መመርመር አለበት።

ኢትዮጵያም አሜሪካም የስምምነቱ አባል ናቸው። ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የብራዚል ሮዝውድ ያለበትን ጊታር ይዞ የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ከመነሻው ማዘጋጀት አለበት። ወረቀት ከሌለው መሣሪያው በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል።

አያያዝ

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ማርቲን ጊታሮቹ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ የአየር እርጥበት እንዲቀመጡ ይመክራል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍታ ቦታዎች በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ፣ ጊታሩን በሳጥኑ ውስጥ ከእርጥበት መስጫና ከእርጥበት መለኪያ ጋር ማኖር ይጠቅማል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ትልቁ አደጋ ግን ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ ነው። በ2015 ለታየው «ዘ ሄትፉል ኤይት» ለተሰኘው ፊልም ቀረጻ የማርቲን ሙዚየም በ1870ዎቹ የተሠራ ጊታር አውሶ ነበር። የሚሰበረው ቅጂ ሊሆን ሲገባው መሣሪያዎቹ ሳይቀያየሩ ቀሩ፤ ተዋናዩ ከርት ራስልም ቅጂ መስሎት ኦርጅናሉን ሰባበረው። ጊታሩ ሊጠገን አልቻለም። ሙዚየሙም ከዚያ በኋላ ለፊልም ሥራ ጊታር እንደማያውስ አስታወቀ። የጠፋው ነገር በመድን ገንዘብ የሚተካ አልነበረም። ለ91ዱ ዲ-45ዎችም ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ ቢሰበር በዚያ ዘመን እጅና እንጨት ሌላ አይሠራም።