ፍቅረ ንዋይ በሰሊጥ አገር

ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ቶሎ ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ሜዳ፣ ከድንበሩ ወዲህም በመተማና በሑመራ፣ ባለ እርሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ አጫጅ ፍለጋ ይወጣል። የሳሉጉ፣ ማለትም ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይንራል። ማሳው ነጭ ወርቅ ተሸክሞ የገበሬው ኪስ ባዶ የሚሆነው በዚህ ሰሞን ነው።

ነጋዴው የሚመጣውም ያኔ ነው፤ አንዳንዴም ቀድሞ፣ ገና በክረምቱ። ሱዳኖች «ሸይል» የሚሉት አሠራር አላቸው። ነጋዴው ከመከር በፊት ገንዘብ ወይም ቀለብ ያበድርና ክፍያውን በእህል ይቀበላል። የእህሉ ዋጋ የሚቆረጠው ግን ገበሬው በተቸገረበት ቀን፣ ከገበያው እጅግ ዝቅ ብሎ ነው። ነዶው ተራግፎ ጆንያ እንደገባ ምርቱ ወደ ነጋዴው መጋዘን ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ገበሬ የሚበላውን ማሽላ በውድ ዋጋ ይገዛል፣ ክረምት ሲገባም ተመልሶ ይበደራል። እስልምና ወለድን ስለሚከለክል ወለድ የሚል ቃል በመካከላቸው አይነሣም፤ በስሙ ሽያጭ ነው። በዚህ ግን ከድንበሩ ወዲህ ያለው ክርስቲያን አራጣ አበዳሪ ሊመጻደቅ አይችልም። እሱ በግልጽ አራጣ እያለ ያበድራል፣ እሑድ ጠዋትም ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ብልጠት የምታውቀው ከጥንት ነው። ሠለስቱ ምዕት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ሲሰበሰቡ የተነጋገሩት ስለ አርዮስ ብቻ አልነበረም። አሥራ ሰባተኛው ቀኖናቸው አበድሮ ወለድ የሚቀበል፣ ያበደረውን አንድ ተኩል አድርጎ የሚያስመልስ ወይም ሌላ ዘዴ ፈጥሮ በብድር የሚያተርፍ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ያዝዛል። «ሌላ ዘዴ» የሚለውን ያስገቡት አባቶች የገበያውን መንገድ በደንብ የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ባለጠጋ እርሻው እጅግ ይሰምርለትና ምርቱን የሚያስቀምጥበት ያጣል። ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ሲያቅድ በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ትፈለጋለች። ሰውዬው ሌባ አይደለም፤ መሬቱም ምርቱም የራሱ ነው። ጥፋቱ ሲያስብ ከራሱ በቀር ሌላ ሰው ትዝ አለማለቱ ነው። ገዳሪፍ ይህን ታሪክ ለማንበብ የተመቸች ከተማ ናት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የእህል ጎተራዋ 100,000 ቶን የመያዝ አቅም ነበረው፤ ዙሪያዋን ያለው ሜዳ ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የሱዳን የማሽላ ቋት ነው። ይህም ሆኖ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ማሽላዋን ለሳውዲ ዓረቢያ ከብቶች መኖ ስትሸጥ ቆይታ፣ በ1984 ዝናቡ ሲጠፋ የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ዋጋው ገና ይወጣል ብለው እህል የደበቁ ነጋዴዎችም ነበሩ። በዚያው ወቅት ከኢትዮጵያ ረሀብና ጦርነት የሸሹ ሰዎች፣ ከጎንደር የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ካምፕ በረሀብና በበሽታ ያልቁ ነበር።

ያንኑ የሉቃስ ምዕራፍ ይዞ በረሀብ ዘመን የሰበከ አባት አለ። በ360ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቀጰዶቅያ ድርቅ ሲገባ ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ያሉትን ባለ ጎተራዎች ፊት ለፊት ገሠጸ። ጓደኛው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደመሰከረለት ግን በስብከቱ አላበቃም፤ የሀብታሞቹን ጎተራ በምክርና በተግሣጽ አስከፍቶ፣ ሽርጥ ታጥቆ ለተራበው ሁሉ ሾርባ አቀረበ። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ቀላል ነው። ፍቅረ ንዋይ በሐሳብ ብቻ ሲታገሉት አይለቅም፤ «ልቤ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ጎተራውን ቆልፎ መኖር ይችላል።

የሰሊጥ አገርም እንዲህ ያለ ተግባር አይቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከሑመራና ከአካባቢው የሸሸው ሕዝብ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የተከዜን ወንዝ ተሻግሮ ሐምዳይት ደረሰ። ጊዜው የሰሊጥ መከር ነበር። ባለ ትራክተሩም፣ ሲያጭድለት የነበረው ሳሉግም አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ። ከ50,000 በላይ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ሲገቡ ቀድመው የደረሱላቸው የድርጅት መኪናዎች ሳይሆኑ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ለራሳቸው የሚተርፍ ያልነበራቸው ሱዳናውያን ምግብና ልብስ አመጡ፣ ደጃቸውንም ለማደሪያ ሰጡ። ኡም ራኩባም ዳግመኛ ተከፈተ። ኅዳር 20፣ የጽዮን ማርያም ዋዜማ በሆነው እሑድ፣ ስደተኞቹ ከካምፑ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ጸለዩ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር የእርዳታ ቀለብ የሚጠብቁት ሰዎች ጿሚዎችም ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ገዳሪፍ ራሷ ከካርቱም፣ ኋላም ከወድ መደኒ ለተሰደዱት መጠጊያ ሆነች።

እውነት ለመናገር ይኸው ምድር ሌላም አሳይቷል። ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ዓመታት በምሥራቅ ሱዳን የታፈኑ ኤርትራውያን ወደ ሲና በረሀ እየተሸጡ፣ ቤተሰብ ጩኸታቸውን በስልክ እየሰማ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅባቸው ነበር። ከደላሎቹ ውስጥ የታገቱትን ሰዎች ቋንቋና ሃይማኖት የሚጋሩ መኖራቸው ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል።

ታዲያ ሰው ከዚህ መንፈስ እንዴት ይላቀቃል? የክርስትና መልስ የሚያስገርመው ተግባራዊነቱ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ ስለ ስሜቱ አላወራም፤ ቁጥር ጠራ፤ ከሀብቱ ግማሹን ለድሆች፣ ላታለላቸውም አራት እጥፍ። የሙሴ ሕግ አጫጁ የማሳውን ዳር እንዳይጨርስ፣ ቃርሚያውንም ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል፤ ሞዓባዊቷ ሩት የኖረችው በዚህ ነው። ጥንት ወደ ግእዝ የተተረጎመው የሄርማስ «እረኛ» ደግሞ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን አስልቶ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ እንዲሰጥ ይመክራል። በዚህ ሚዛን ለችግረኛ ያልደረሰ ጾም ቁጠባ ነው። የምእመኑ አሥራትም መልመጃው ይኸው ነው፤ እጅ መልቀቅ የሚለምደው በትንሹ እየለቀቀ ነው።

ከሁሉም ለሰሊጥ አገር የሚቀርበው የያዕቆብ መልእክት ነው። ምዕራፍ 5 ላይ የተወቀሱት ባለጠጎች እርሻቸውን ያጨዱላቸውን ሠራተኞች ደመወዝ ያስቀሩ ናቸው፤ ኦሪት ዘዳግምም የምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈል ይላል። የመተማና የሑመራ ባለ እርሻ ከፍቅረ ንዋይ ጋር መታገል ከፈለገ ሩቅ አይሂድ። ዘንድሮ የሳሉጉን ሒሳብ ሳይቆራርጥ፣ «ሰሊጡ ሲሸጥ» ሳይል፣ ሠራተኛው የጎንደር መኪና ላይ ከመሳፈሩ በፊት ይክፈለው።