የሞት ቅጣት ደም ያደርቃል?

በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ሰው በግፍ ሲገደል ለቅሶው ላይ «የገደለ ይገደል» መባሉ አይቀርም። ልጇን የቀበረች እናት እንዲህ ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ የምጠይቀው ግን ገዳዩ ቢገደል ሌላው ግድያ ይቀራል ወይ ብዬ ነው።

ቅጣቱ ከሕጋችን አልወጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 አስቦና ተዘጋጅቶ ለገደለ ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይላል፤ የሞት ፍርዱ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ከደርግ ውድቀት ወዲህ ተፈጽመው የሚታወቁት ሁለት ናቸው፦ በ1990 ዓ.ም. በጄኔራል ሐየሎም አርአያ፣ በ1999 ዓ.ም. በደኅንነት ሹሙ በክንፈ ገብረ መድኅን ገዳዮች ላይ። ሟቾቹ ሁለቱም ትልልቅ ሹማምንት ነበሩ።

ገጠር ውስጥ ጠቡ የሚነሳው ከሌላ ነው። አንዱ ሲያርስ ትልሙን ወደ ጎረቤቱ ድንበር ያሻግራል፤ ወይም ሠርግ ላይ አረቄ ተጠጥቶ ክፉ ቃል ይወጣል። ክላሹ ትከሻ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት አንቀጽ የሚያስታውስ የለም። ዓመታት ጠብቆ፣ አድፍጦ የሚገድለው ደም መላሽ ደግሞ ሞቱን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ የሚያሰላው ወደ አባይ በረሃ ወይም ወደ መተከል ቆላ ማምለጫውን ነው። የሚያሳስበው መያዙ ነው።

የሌላውን አገር ብናይም፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1976 የሞት ቅጣትን ብትሰርዝም በተከታዮቹ ዓመታት ግድያ አልበዛባትም፤ ቀነሰ እንጂ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 የሠላሳ ዓመት ጥናቶችን መርምሮ፣ ቅጣቱ ግድያን ይቀንስ አይቀንስ ከእነሱ ማወቅ አይቻልም ብሏል።

ጎጃም ስቅላትን ያውቃል። አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ ሰማንያ ዓመት አልፎትም ስሙ ሲነሳ የሚሰማው ቁጭት ነው፣ ፍርሃት አይደለም። ደም የሚያደርቀው ሌላ ነው፦ ካህናቱ መስቀል ይዘው፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ሲወድቅ፣ ካሳ ተቆርጦ «እኔም ልጄም ደም አንፈልግም» ተብሎ ሲማል። ሽምግልናው ጉድለት አለበት፤ የሟችን ሚስት ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ የፍርድ ቤትንም ቦታ ሊወስድ አይገባም። ግን ቀጣዩን ገዳይ ያስቆማል።

ስለዚህ ቅጣቱ ይፈጸም የሚሉትን አልደግፍም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ፖሊስም ችሎትም ከገጠሩ ርቀዋል፤ ምስክር ለመናገር ይፈራል። ገዳይ ሳይያዝ፣ ንጹሕና ወንጀለኛ በወጉ ሳይለይ ስለ መረሸን ማውራት ለሟች ቤተሰብ ፍትሕ አይሆንም። መንግሥትም ታጣቂዎችም፣ መጀመሪያ ዳኛው ችሎቱ ላይ በሰላም እንዲቀመጥ ፍቀዱለት።