ከጉዳት ወደ ሥራ፦ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ታካሚ ቁስሉ ሲሽር ሕክምናው እንደተጠናቀቀ መቁጠር የተለመደ ነው። ይሁንና ስፌቱ የተነሣለት ጣት መጋዝ መጨበጥ ካልቻለ፣ የተጠገነውም እግር ሸክም መቋቋም ከተሳነው፣ ታካሚው ከሆስፒታል ቢወጣም ከእንጀራው እንደተለየ ይቀራል። በመሆኑም ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ የሕክምናው አንድ አካል እንጂ ከሕክምና በኋላ ለሌላ ወገን የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በአዊ ዞን ይህ ጉዳይ የራሱ መልክ አለው። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በከተሞቹ የግንባታ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ጭነትና ትራንስፖርት፣ በዙሪያቸውም የድንችና የገብስ እርሻ፣ የቀርከሃ ሥራ፣ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ ከሰል ማክሰል ለብዙዎች መተዳደሪያ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች የሚመጡት ጉዳቶች ለየጤና ተቋሙ እንግዳ አይደሉም፤ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ መውደቅ፣ በመጥረቢያና በመጋዝ መቆረጥ፣ በእሳት መቃጠል፣ በሸክም የሚመጣ የወገብ ሕመም ይገኙባቸዋል።

የጉዳይ አስተባባሪው ተግባር

በሌሎች አገሮች ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ ከአደጋው ዕለት ጀምሮ እስከ ሥራው የሚከታተል የጉዳይ አስተባባሪ ይመደባል። ይህ አስተባባሪ ሐኪሙን፣ ታካሚውን፣ አሠሪውንና ካሳ ከፋዩን የሚያገናኝ ድልድይ ነው። በካናዳ ሸርብሩክ ከተማ በወገብ ሕመም ከአራት ሳምንት በላይ ከሥራ በቀሩ ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ሕክምናው ከሥራ ቦታው ማስተካከያ ጋር ሲጣመር ሠራተኞቹ በተለመደው ክትትል ካሉት 2.4 ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ወደ መደበኛ ሥራቸው መመለሳቸውን አሳይቷል። ለውጤቱ ዋነኛ አስተዋጽኦ ያደረገውም የሥራ ቦታው ማስተካከያ ነበር።

አሠራሩ ለአገራችን የጤና ባለሙያ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ክፍሎች ኬዝ ማኔጀር የሚባለው ባለሙያ ታካሚው ከክትትል እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ጥረት የማያውቅ ጥቂት ነው። ለሥራ ላይ ጉዳት የተለየ ሠራተኛ መመደብ ባይቻል እንኳ፣ የሊያዞን ባለሙያ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም ነርስ ኃላፊነቱን በስም ተረክቦ ሊሠራው ይችላል። ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ ታካሚ ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን አይካተትም። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት፣ ተጎጂውን በተገቢ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ተቋም የማድረስ፣ የሕክምናና የመድኃኒት እንዲሁም አስፈላጊ ሲሆን የሰው ሠራሽ አካል ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ጊዜያዊ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ነው።

ተራ የሕመም ፈቃድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ለስድስት ወራት ከሥራ ቢርቅ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ከተመዘገበ ቢያንስ 31,500 ብር ያገኛል። ማስረጃው ላይ የተጻፈው «ሕመም» ብቻ ከሆነ ግን የሚያገኘው 12,000 ብር ነው። የ19,500 ብሩ ልዩነት የሚመነጨው በድንገተኛ ክፍል አደጋው የት፣ መቼና እንዴት እንደደረሰ ካልተጻፈ አንድ መስመር ነው።

አንድ ምሳሌ

በዳንግላ በእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጅማት በኤሌክትሪክ መጋዝ ተቆርጦ መጣ እንበል። ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ከተሰፋ በኋላ የጉዳይ አስተባባሪው ሥራ በዚያው ሳምንት ይጀምራል። በቅድሚያ ታካሚው በቀን ውስጥ የሚሠራውን በዝርዝር ይጠይቃል፤ ምን ያነሣል፣ በየትኛው እጁ ይጨብጣል፣ ስንት ሰዓት ይቆማል? «አናጺ» የሚለው ቃል ብቻውን ለዚህ በቂ መልስ አይሰጥም።

ቀጥሎ በታካሚው ፈቃድ አሠሪውን ያነጋግራል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የተጎዳው እጅ በድጋፍ ሆኖ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚያደርግ፣ ሠራተኛው ከመጣ ትእዛዝ መቀበልና መመዝገብን የመሰለ ሥራ እንጂ ማሽን አይነካም። ከዚያ በኋላ እንደ መሻሻሉ ቀላል ሥራ ይፈቀድለታል። ከባድ መጨበጥና ማንሣት የሚፈቀደው በአብዛኛው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ጥንካሬው ተመዝኖ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለችው እንጅባራ ባለ ብርዳም አካባቢ ለሚሠራ ደግሞ፣ የተጎዳ እጅ ቅዝቃዜን ለረጅም ጊዜ ላይቋቋም እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሠራተኛው ወደ መጋዙ ከመመለሱ በፊትም መጋዙ መከለያ ሊደረግለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያው አደጋ ሌላ እጅ ይጠብቃል።

የማስረጃው ክብደት

«ለሦስት ወር ሥራ አይሥራ» የሚል ማስረጃ ለጊዜው ርኅራኄ ይመስላል። ሆኖም ሠራተኛው ከሥራ በራቀ መጠን የመመለስ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ማስረጃው ታካሚው የማይችለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውንም ቢገልጽ ይመረጣል፤ ስንት ኪሎ ማንሣት፣ ስንት ሰዓት መቆም፣ ከየትኛው ማሽን መራቅ እንዳለበትና መቼ እንደገና እንደሚታይ ይዘርዝር። ለአሠሪው የሚላከው ይኸው ብቻ ነው፤ የምርመራ ውጤቱና ሌሎች ሕመሞቹ የታካሚው ምስጢር ናቸው።

«መሥራት አይችልም» የሚለው አገላለጽ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው በከፊል ወይም በሙሉ ዘላቂ የመሥራት ችሎታ ማጣቱ የሥራ ውሉን በሕግ ሊያቋርጠው ይችላል። የዘላቂ ጉዳት መጠን የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ሲሆን፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ12 ወራት ውስጥ እንዲሆን ተደንግጓል። ሕክምናውና ተሐድሶው ሳይጠናቀቅ በችኮላ የሚሰጥ የግል አስተያየት ሰውየውን ከሥራው ሊያስወጣው ይችላል። በሌላ በኩል አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደርስባቸውና ምቹ ሁኔታ እንዲፈጠርላቸው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይደነግጋል።

ከሕጉ ጥላ ውጪ ያሉት

ከሰል የሚያከስለው ገበሬ፣ በገዛ ጋሪው የሚያድረው ወይም ከፈረስ የወደቀው አራሽ አሠሪ ስለሌለው ከላይ የተጠቀሰው ካሳ አይደርሰውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ የሕክምና ወጪው ይቀልለታል፤ የጠፋ ገቢውን ግን መድኑ አይተካውም። ለእነዚህ ታካሚዎች አስተባባሪው አሠሪን ከማነጋገር ይልቅ ቤተሰቡን ያማክራል፤ በመኸር ወቅት ማን እንደሚተካው፣ የትኛው ሥራ ተቀምጦ ሊሠራ እንደሚችል አብሮ ያቅዳል። እግሩን ያጣውን ደግሞ ወደ ባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይልካል። ምክሩን በአውኚ መስጠት የሚችል ባለሙያ ካለ መግባባቱ ይቀላል። ወጌሻ ያሰረውን እጅ ወይም እግር ይዞ የሚመጣውንም መገሠጽ ሳይሆን የደም ዝውውሩን በአስቸኳይ ማየት፣ ወጌሻውንም ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደነዝዝ ማሰሪያውን ፈትቶ ቶሎ እንዲልክ ማስተማር ይሻላል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት ጉዞን ስላስቸገረ፣ በቤት የሚሠራ የእንቅስቃሴ ልምምድ በጽሑፍና በሥዕል መስጠትም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

አንድ የጤና ተቋም ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ በጀት መጠበቅ አይኖርበትም። በታካሚው ካርድ ላይ ሥራውንና የአደጋውን ሁኔታ መጻፍ፣ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ መሰየም፣ በማስረጃው የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ ማስፈር፣ የቀጠሮ ቀኑንም መቁረጥ ይበቃል። ታካሚው ወደ ሥራው ተመልሶ መሥራት መቻሉ እስኪረጋገጥ ድረስ ካርዱ መዘጋት የለበትም።