ልጃችንን የቀጠረው ፋብሪካ ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ያላለው ወላጅ አልነበረም። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከጋሞ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች በየወረዳው ተመዝግበው ሄዱ። ባለ ሱሪና ባለ ሸሚዝ ፋብሪካዎቹ ከውጭ መጡ ተባለ፣ በቃ። ከመምጣታቸው በፊት የት እንደነበሩ የጠየቀ ግን ብዙም አላየሁም።

ነገሩን ከአሜሪካ ብንጀምረው ይሻላል። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ካናፖሊስ የምትባል ከተማ አለች። በፎጣና በአንሶላ ፋብሪካ ዙሪያ የተቆረቆረች ናት፤ አያት፣ አባትና ልጅ እዚያው ግቢ ውስጥ ሠርተዋል። ፒሎውቴክስ የሚባለው ኩባንያ ከውጭ የሚገባውን ርካሽ ዕቃ መቋቋም አቅቶት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ብቻ ከ4,000 በላይ ሰዎች ሥራ አጡ። በአሜሪካ የብዙ ሠራተኛ የሕክምና መድን የሚመጣው ከአሠሪው ነው። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱንም አብሮ ያጣል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ስፌቱ ከዚያ ወደ ቻይና፣ ወደ ባንግላዴሽ፣ ወደ ቬትናም ሄደ። በባንግላዴሽ አራት ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ በልብስ ስፌት ይተዳደራል። እዚያ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት እንዲቆዩና ዘግይተው እንዲያገቡ ይህ ሥራ እንደረዳ የሚያሳይ ጥናት አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። በዚያው አገር ግን ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር።

የቻይና ደመወዝ ከፍ ሲል ባለሀብቱ ወደ እኛ ዘወር አለ። ያኔ በአጎዋ አማካይነት ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር፣ መብራት ርካሽ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛው ርካሽ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ የኢትዮጵያ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ነበር። በዓለም ላይ ከእኛ የሚያንስ አላገኙም።

በ750 ብር ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለብሶ መኖር አይቻልም። ታዲያ ልጆቹ እንዴት ኖሩ? አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። የቀረውን እኛ ሞላነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆጮው ከቤት በአውቶቡስ ተላከ። ስለ ርካሽ ጉልበት ሲወራ ይህ አይነሳም፤ እናት ከጎተራዋ የምትልከው ስንቅ የዚያ ሸሚዝ ወጪ አካል ነበር፣ ሒሳቡ ላይ ግን የጻፈው የለም።

ኩባንያዎቹም ቢሆኑ እንዳሰቡት አላተረፉም። በዚያው ዘገባ መሠረት የሐዋሳ ፋብሪካዎች በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። አሠልጥነው ሳይጨርሱ ትሄዳለች፤ ሌላ ያሠለጥናሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በአገራችን አምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። የጤና ችግርም በእነርሱ ላይ በዝቶ ታየ።

አይገርመኝም። ቁርስ ሳትበላ ስምንት ሰዓት የምትቆም ልጅ ትወድቃለች። አለቃ እንዳይቆጣት ሽንቷን የምትይዝ፣ ወይም መጸዳጃ ላለመሄድ ውኃ የማትጠጣ፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዟት ትመጣለች። የደም ማነስ ያለባት ደግሞ በወር አበባዋ ሰሞን ትዳከማለች፣ ሰነፍ ትባላለች። እነዚህ ሁሉ በሻይ ሰዓትና በንጹሕ መጸዳጃ የሚቃለሉ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ ደግሞ መሄዱ መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. የአገሪቱ ሁኔታ መባባሱን ጠቅሶ የኢትዮጵያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ልጆቹ ስፌት አላበላሹም፣ ከሥራ አልቀሩም። ካናፖሊስ ላይ እንደሆነው ሁሉ ውሳኔው የተወሰነው እነርሱ በማያውቁት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጎረቤቴ በቅርቡ «ሲስተር፣ ልጄ ፋብሪካ ልግባ ትላለች፤ ልልቀቃት ወይስ ይቅርባት?» አለችኝ።

«ትሂድ፤ ግን ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ» አልኳት። ፋብሪካ ጠል አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ላይ ለቆመች ልጅ በስሟ የሚገባ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቅጥሩ ላይ የተጻፈውን ብር ሳይሆን ከቤት ኪራይና ከምግብ በኋላ የሚተርፈውን ዕዩ። ከእናንተ የሚላከውን ስንቅም በብር ተምኑት። የማታ ትምህርት መቀጠል የምትችልበት ፈረቃ መኖሩን ጠይቁ፤ ፋብሪካው ቢሄድ ይዛው የምትመለሰው እርሱን ነው።

ወረቀትንም አትናቁ። ከደመወዟ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ የጡረታ መለያ ቁጥሯን ትያዝ፣ ሌላ ቦታ ስትቀጠር ያንኑ ትስጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ድርጅት ሲዘጋ ስለሚከፈል የሥራ ስንብትም ይደነግጋል። ፒ.ቪ.ኤች. በወጣበት ሰሞን እንደታየው መዘጋቱ በድንገት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ የቅጥር ውሏን ኮፒ ከገባችበት ቀን ጀምሮ እናንተ ዘንድ፣ ከልደት ካርዷ ጋር አስቀምጡት።