ከጣና የወጣው ኃይል ለጣና ዳር ሥራ

በ1950ዎቹ አጋማሽ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሲተከል ኃይሉን የሚጠቀም ሥራ አስቀድሞ ይጠብቀው ነበር። በጣልያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚያው አሥር ዓመት ቆሟል፤ ሙያተኛ የሚያወጣው ፖሊቴክኒክም ተከፍቷል። ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ብዙ ወቀሳ ማንሣት ይቻላል። ማመንጫውን፣ ፋብሪካውንና ትምህርት ቤቱን አጠገብ ለአጠገብ ማቆሙ ግን ከዚያ ወዲህ እየሳሳ የመጣ ማስተዋል ነው፤ ጉድለቱ የጣና ዳር ገበሬና አሣ አጥማጅ ከሐሳቡ ውጭ መቅረታቸው ነበር። ዛሬም የኃይል ፖሊሲ የሚያወጡ መሪዎቻችን ሊመለሱበት የሚገባው ጥያቄ፣ በመነጨው ኃይል የገጠሩ ሰው ምን ሠራበት የሚለው ነው።

ሐይቁ የሰጠው ጥቂት አይደለም። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ተመረቀ። ሐይቁ ዋጋውንም ከፍሏል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅና ለማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው የሐይቁ ከፍታ ስለ ወረደ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጧል። እንደ ደቅ ላለ፣ እህሉም በሽተኛውም በውኃ ለሚመላለስበት ደሴት፣ ይህ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም መስመሩን ወደ ብዙ የገጠር ከተሞች አድርሷል። ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነበር፤ ምሰሶ የደረሰበት ከተማ፣ ቤቶቹ ቆጣሪ ባያስገቡም፣ መብራት አገኘ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለ ሚኒስትር ሳሉ በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ይህን ለማረም ሞክሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ገደማ ለሁሉም ለማዳረስ፣ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን በፀሐይና በመሳሰሉት ለማገልገል አቀደ። በ2011 ዓ.ም. ሲከለስ በመስመር የሚያገኘው 33 በመቶ፣ ከመስመር ውጭ የሚያገኘው 11 በመቶ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ማመንጨት፣ ማከፋፈል ቀስ ብሎ ይደርሳል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣበት ዘመን ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ግን ማመንጨትን ምክንያት አድርጎ ገጠሩን ማስጠበቅ አይቻልም። ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ገበሬው አምፖል ብቻ ካበራ ከሚከፍለው የመስመሩ ወጪ ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው፣ አምፖል ብቻ ከሆነ። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ መሬቱን ዳግም አርሶ ሽንኩርት ይተክላል፤ ውኃውንም ከወንዝና ከጉድጓድ የሚስበው በነዳጅ በሚነሣ ሞተር ነው። ነዳጅ በጠፋ ሳምንት ሞተሩ ዝም ይላል፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ይህ ሰው ለኃይል መክፈሉን ለምዶታል፤ የሚከፍለው ግን ለነዳጅ ቸርቻሪ ነው። ለወፍጮው ናፍጣ የሚገዛውም፣ ማለዳ ከታንኳው ያወረደው አምባዛ ሳይበላሽበት በተሰጠው ዋጋ የሚለቀው አጥማጅም እንዲሁ ናቸው፤ አጥማጁ የሚከፍለው በረዶ ባለማግኘቱ ከዋጋው በሚጎድልበት ነው።

ስለዚህ መስመሩ ሲዘረጋ ሞተሩም አብሮ መታሰብ አለበት፦ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገዛበት ብድር፣ ለሩዝ መፈልፈያው የሚበቃ ትራንስፎርመር፣ ሲቃጠል የሚጠግነው ባለሙያ በወረዳው። ይህ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱ ለአንዱ፣ ማዳረሱ ለሌላው ተሰጠ፤ የግብርና ቢሮው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ሊያስቀምጣቸው የሚገባው የክልሉ አመራር ነው። ደቅን በመሰለ ደሴት ምሰሶ በሐይቅ ላይ አይተከልምና የመስመሩን ተራ መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ ፀሐይ ለአምፖልና ለስልክ ብቻ የምትበቃ ተደርጋ መታሰቧም መቅረት አለበት። ለአንድ የበረዶ ማምረቻና ለጥቂት ፓምፖች የሚበቃ ፓነል ከነባትሪው በጀልባ ይጫናል። ቀጥሎ የሚቀርበው የክልል ሪፖርት ስንት ቀበሌ መብራት ገባለት ከሚለው አምድ አጠገብ፣ ስንት ፓምፕና ስንት ወፍጮ ከነዳጅ ወጣ የሚል አምድ ይጨምር።