የስኳር በሽታ ከምን ይመጣል?

«የስኳር በሽታ የከተማና የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። «ስኳር ያበዛ ሰው ይይዘዋል» የሚሉም አሉ። ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። በሽታው በገጠርም አለ። ቀጭኑንም፣ ሕፃኑንም፣ ስኳር ቀምሶ የማያውቀውንም ይይዛል። ስለዚህ ገበሬው ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

በሽታው ምንድን ነው?

የበላነው እንጀራና ቂጣ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩ ወደ ደም ይገባል። ከደም ወጥቶ ለሰውነት ጉልበት እንዲሆን ግን ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያስፈልጋል። ኢንሱሊንን የሚሠራው ከጨጓራ ኋላ ያለው ቆሽት ነው።

ነገሩ እንደ መስኖ ነው። ቦዩ በውሃ ቢሞላም በሩ ካልተከፈተ ማሳው ይደርቃል። በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። እሱ ከጠፋ ወይም ከደከመ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ይራባል። የተረፈው ስኳር ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል። በሽተኛው ሽንት የሚያበዛው፣ የሚጠማውና የሚከሳው ለዚህ ነው።

ዓይነቶቹ ምን ምን ናቸው?

አንደኛው ዓይነት፦ ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቁት ዘቦች አሉት። እነዚህ ዘቦች ተሳስተው ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽት ክፍል ያጠፉታል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሕፃናትንና ወጣቶችን ነው። በጥቂት ሳምንታት ይጠናል። ቡዳ አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። በሽተኛው ያለ ኢንሱሊን መርፌ አይድንም።

ሁለተኛው ዓይነት፦ ኢንሱሊን አለ፤ ሰውነት ግን አይታዘዘውም። ቆሽትም ቀስ በቀስ ይደክማል። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ሥራ ፈቶ መቀመጥና የዘር ውርስ ያመጡታል። ለዓመታት ሳይታወቅ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። እግሩ የደነዘዘ ሰው እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉም ያመረቅዛል።

የእርግዝና ስኳር፦ ከእንግዴ ልጅ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል። እናቲቱ ግን ኋላ ሁለተኛው ዓይነት እንዳይዛት መመርመር አለባት።

ከምግብ እጦት የሚመጣው፦ በልጅነት የተራበ ሰው ቆሽቱ በቂ ኢንሱሊን መሥራት ሊያቅተው ይችላል። በጎንደር ገጠሮች የሠሩ ሐኪሞች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ከሲታና ድሃ ገበሬዎችን አይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህንን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል።

ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ አገር ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። ከዚያ በፊት አንደኛው ዓይነት የያዘው ልጅ ከሞት አያመልጥም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ። ልጁን የሚገድለው መዘግየት ነው።

ልጅ ውሃ ከጠማው፣ ሽንት ካበዛ፣ እየበላ ከከሳ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማስታወክና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረ ሞት ቀርቧል፤ ለሊትም ቢሆን ተሸክማችሁ ሂዱ። ጠበል የሚጠመቅም መርፌውን አያቋርጥ። ኢንሱሊኑን ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። በሽታው አይተላለፍም፤ በሽተኛውን አታግልሉ።

ማንበብ የቻላችሁ ይህንን ላልቻለው ጎረቤት አንብቡለት።